በወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሥረታ በዓል ላይ በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ግቢ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው የምሥረታ በዓል ሰሞን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሦስት ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስሯሯጥ ያዩኝ ልጆች እስካሁን ይጠይቁኛል። ካፌ ሰልፍ ላይ፣ ላይብረሪ ደረጃ ላይ፣ ወደ ኮምቦልቻ በምንወርድበት ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር። ጥያቄዎቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ መልሶቹን ሰብስቤ ጻፍኳቸው። የምናገረው ካየሁትና ከሠራሁት ነው። ደንብና መመሪያ የሚመለከተውን የተማሪዎች ኅብረት ቢሮ ጠይቁ።

በጎ ፈቃደኛ ሆኜ በትክክል ምንድን ነው የምሠራው?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መድረኩ ነው። መድረክ ላይ የሚወጡት ግን ጥቂት ናቸው። ሌላው ሥራ በር ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ወንበር መሃል ነው። እንግዳ መዝግቦ ባጅ መስጠት አለ። ከበር እስከ አዳራሽ መምራት አለ። ወንበር መደርደር፣ ውሃ ማደል፣ መኪና የት እንደሚቆም ማሳየት፣ ኤግዚቢሽን ሊያዩ የመጡትን ማዞር፣ ማይክ ማቀበል አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን መቆም ነው። አንድ ቦታ ተሰጥቷችሁ እዚያው መገኘት።

እኔ ሥራውን ስጀምር ይህ አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያው ቀን የተመደብኩት ከአዳራሹ ጀርባ ያለች አንዲት መታጠፊያ ላይ ነው። ሥራዬ «አዳራሹ በዚህ በኩል ነው» ማለት ብቻ። ፊት ለፊት ሙዚቃው ሲጀምርና ጭፈራው ሲደምቅ ልቤ ሄደ። እግሬም ተከተለ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተመለስኩ። ስመለስ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው መታጠፊያዋ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «የሚያሳየኝ ሰው ባጣ ጊዜ ተቀመጥኩ የኔ ልጅ» አሉኝ። ልጃቸው ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበረች። ክንዳቸውን ይዤ ስንገባ ስሟ ተጠርቶ፣ ተጨብጭቦላት፣ ወደ ወንበሯ ተመልሳለች። እናት አላዩም።

አልተቆጡኝም። «አብሽር» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ልጃቸው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሰው ሳልተካ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ቦታችሁን አትልቀቁ። መሄድ ካለባችሁ ሰው ተክታችሁ ሂዱ።

ፍሬሽ ነኝ፤ ይቀበሉኛል?

ይቀበላሉ። እንዲያውም ፍሬሽ ተማሪ ግቢ ውስጥ መንገድ መጥፋት ምን እንደሚመስል ገና አልረሳም። እንግዳ ሲደናገር ፊቱን አይቶ ያውቀዋል። ግን ከበዓሉ በፊት አንድ ከሰዓት መድባችሁ ግቢውን በእግር ዙሩት። ሬጅስትራር፣ ክሊኒክ፣ ላውንጅ፣ የመኪና መግቢያ የት እንደሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መናገር እስክትችሉ ድረስ። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው መጸዳጃ ቤት ነው። የትኛው ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ውሃ እንዳለው በየጠዋቱ አረጋግጡ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ «የት ልስገድ?» የሚል እንግዳ አይጠፋምና መልሱ አፋችሁ ላይ ይኑር።

የት ነው የምመዘገበው?

የተማሪዎች ኅብረት ቢሮ ጠይቁ። ክበባትም ሰው ያሰባስባሉ። ዲፓርትመንቶች የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ ደግሞ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ማስታወቂያ ሰሌዳና የግቢውን ቴሌግራም ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ ጥሪው የሚወጣው በዓሉ ሲቃረብ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ስማችሁን አስይዙ።

ክፍያ አለው? ሰርተፍኬትስ?

ስሙ ራሱ በጎ ፈቃድ ነው። አበል ብላችሁ አትምጡ። ቲሸርት፣ ምሳ፣ ሰርተፍኬት መኖር አለመኖሩን ሲመዘግቧችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። በኋላ ተቀይሞ ከመሄድ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሰርተፍኬት ባይሰጥም ሲቪ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ። ሲጻፍ ግን «በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ» ብቻ አይበቃም። ምዝገባ ላይ ከሆናችሁ ምዝገባ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ከሆናችሁ መኪና ማቆሚያ በሉ። ቀጣሪ የሚያየው የሠራችሁትን ነው።

ክላስ ብቀርስ? ፈተና ቢገጥመኝስ?

ለመምህሩ ከመቅረታችሁ በፊት ተናገሩ እንጂ ቀርታችሁ አትመለሱ። ላብራቶሪ ያለበትን ቀን አትንኩት፤ ማካካሻ ማግኘት ከባድ ነው። የጤና ተማሪ ሆናችሁ ሆስፒታል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ለዘንድሮ ይቅርባችሁ። በሽተኛ ትቶ እንግዳ መቀበል አይሆንም።

የምመደበው ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ? ልዩነቱስ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ከተማ የተቀመጠ ቤት ነው። ጤናው፣ ሕጉና ሌላው ብዙው ደሴ ነው፤ ኢንጂነሪንጉና ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ያ መንገድ የሐረጎን ተራራ የሚወርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ካለችው ደሴ ተነስታችሁ 1,850 ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጃኬታችሁን መንገድ ላይ ታወልቃላችሁ። ጠዋት ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ጣታችሁ ይቆረፍዳል፤ እኩለ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ጥላ ትፈልጋላችሁ።

ብዙ እንግዳ ይህን አያውቅም። ደሴ አየር ማረፊያ የላትም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ካረፈ በኋላ «ደረስኩ» ብሎ ያስባል። ፕሮግራሙ ደሴ ከሆነ ገና ዳገቱ ይቀረዋል። በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣውም ኮምቦልቻን ሲያይ እዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ስልክ የምትመልሱ ከሆነ «የት ነው ያሉት?» ከሚለው ጋር «የትኛው ፕሮግራም ላይ ነው የተጋበዙት?» የሚለውን አብራችሁ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ያድንላችኋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ከሆነ ደግሞ ሰርቪሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ከዋዜማው እወቁ። ሰርቪስ ካመለጣችሁ ሚኒባስ አለ፤ ግን በዓል ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩን አታጣድፉት።

ምን ልልበስ?

ቲሸርት ከሰጧችሁ እሱን። ከሥሩ ግን የሚሞቅ ነገር ልበሱ፤ ደሴ ናትና። የበልግ ዝናብ ሰሞን ከሆነ ጃንጥላ ያዙ፤ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳ። ከመኪና ወርደው እስከ አዳራሹ ድረስ በባዶ ራሳቸው የሚሄዱ አዛውንት ካያችሁ ጃንጥላ ዘርግታችሁ መድረስ ነው።

ጫማ ላይ አደራ። አዲስ ጫማ አታድርጉ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለበዓሉ ብላ የገዛችውን ጫማ አድርጋ መጥታ እስከ ስድስት ሰዓት ተረከዟ ተልጦ ነበር። የለመዳችሁትን፣ የረገጣችሁትን ጫማ አድርጉ።

እንግዳ እንዴት ነው የምቀበለው? አፌ ይያዛል።

አፍ ቢያዝም ችግር የለም። ወሎ ውስጥ እንግዳ መቀበል ከቤት የምንማረው ነገር ነው። እናታችሁ በር ላይ ሰው ሲመጣ የምታደርገውን አድርጉ። ከተቀመጣችሁ ተነሱ። ሰላም በሉ። ዕቃ ከያዙ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ነው «የት ልውሰድዎት?» የሚመጣው።

በዕድሜ ለሚበልጥ ሁሉ «እርስዎ» በሉ። አለባበሱን አይታችሁ አትምረጡ። የከተማው ሰው እንደሚያውቀው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። እኔ በር ላይ ስቆም ያንን ስም አስባለሁ። ሱፍ የለበሰውም፣ ጋቢ የደረበውም፣ ከገጠር በባዶ እግሩ የመጣውም አባት ልጁ የሚማርበትን ግቢ ሊያይ ነው የመጣው። ሁሉም በአንድ በር ይግባ።

ስም ስትጽፉ «ማን ልበል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዶክተር፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ሐጂ፣ መምሬ የሚሉትን መዓርጋት አትርሱ። መጨበጥ ላይ ደግሞ እጃችሁን ቀድማችሁ አትዘርጉ። ሙስሊም እናቶችም አባቶችም ተቃራኒ ጾታ የማይጨብጡ አሉ። እነሱ ከዘረጉ ትጨብጣላችሁ፤ ካልዘረጉ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ማለት ነው። ቄስ ካገኛችሁና መስቀል መሳለም ከፈለጋችሁ ሰልፉን ሳትዘጉ አድርጉት።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው የሚቀርበው። ታዲያ ባጅ ላይ ያለውን ስም አንብባችሁ «እርስዎ በዚህ፣ እርስዎ በዚያ» እንዳትሉ። እዚህ አገር ከነአባቱ ስሙ ሃይማኖቱን የማይናገር ሰው ብዙ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም አለ። የክርስቲያን አባት ያለው ሙስሊም፣ የሙስሊም አያት ያላት ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ሁለቱን ጠረጴዛ በእጃችሁ አሳዩና ሰውየው ራሱ ይሂድ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጾም ምግቡ የት እንዳለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የቀድሞ ተመራቂዎች ሲመጡ ምን ይፈልጋሉ?

ንግግር አይፈልጉም። ዶርማቸውን ነው የሚፈልጉት።

ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፍሬሽ የነበሩት ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ገጠመኝ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጁን እጇን ይዟል። አዳራሹን ሳሳየው «እሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ዶርሜን አሳየኝ» አለኝ። ብሎኩን ስሙን እንጂ ቦታውን ረስቶታል። እየሄድን ሁሉንም ነገር ይነግራታል፦ «እዚህ ጋ ጭቃ ነበር። እዚህ ጋ ምንም አልነበረም፤ ሜዳ ነው። እዚህ ዛፍ ሥር አጥንተናል።» እሷ ዛፉን ቀና ብላ ታያለች።

የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩን፣ አስፈቀድን። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች አልጋቸውን አነጣጥፈው አስገቡን። ሰውየው ምንም አልተናገረም። ሎከሩን ከፈተው። በሩን ከውስጥ በኩል በጣቱ ዳሰሰው። ቀለሙ ተቀብቷል፤ ግን ከቀለሙ ሥር በምስማር የተጫረ ጽሑፍ እንዳለ በእጅ ይታወቃል። የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አልነገረንም። ልጁን አንሥቶ የላይኛው አልጋ ላይ አስቀመጣትና ፎቶ አንሣን አለኝ።

ስለዚህ ተመራቂ ሲመጣ ጊዜ ስጡት። ግን ሁለት ነገር አትዝለሉ። ዶርም የሰው ቤት ነው፤ ፕሮክተርም ልጆቹም ሳይፈቅዱ አይገባም። የሴቶች ዶርም ከሆነ ሴት በጎ ፈቃደኛ ትውሰዳቸው።

ስለ ጦርነቱ ጊዜ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

ይጠይቃሉ። በተለይ ከውጭ አገርና ከአዲስ አበባ የመጡት። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ከተማ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም ግቢ ተዘርፏል፤ ኮምፒውተሩም የላብራቶሪ ዕቃውም። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና ተጠርጎ፣ ተለቅሞ፣ ተለምኖም ተሟልቶ በሩን የከፈተው።

እኛ ብዙዎቻችን ያኔ ገና ሃይስኩል ነበርን። ስለዚህ ያላየነውን እንዳየን አድርገን አንናገር። ያልያዝነውን ቁጥር አንጥራ። ፖለቲካውን ማንሳት ከጀመሩ በትህትና ወደ ፕሮግራሙ መልሱ። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ግን ያኔ የነበሩት አሁንም ግቢው ውስጥ አሉ። መምህራኑ፣ ጥበቃዎቹ፣ ጽዳት ላይ ያሉ እናቶች። አንዷ እናት የኤግዚቢሽን ክፍሉን ወለል እየወለወሉ «ይህን ክፍል የዚያን ጊዜ ስጠርገው መስታወት ብቻ ነበር የምዝቀው» ብለውኛል። አሁን እዚያው ወለል ላይ ተማሪዎች የሠሩት ሞዴል ተደርድሯል። የምሥረታ በዓሉ ለእኔ ትልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ኅዳር ይህ ግቢ ዳግም ይከፈታል ብሎ እርግጠኛ የነበረ ሰው ማን ነበር?

«ከተማውን ልይ» ቢሉኝ የት ልላካቸው?

ቅርብ ከፈለጉ ደሴ ሙዚየምና አይጠየፍ። እግራቸው ጠንካራ ከሆነ ወደ ጦሳ በኩል ወጣ ብለው ከተማዋን ከላይ ይዩ። መኪና ካላቸውና ግማሽ ቀን ካላቸው ሐይቅ አለላቸው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃውን ያያሉ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያያሉ። ወደ ወንዶች ገዳሙ ሴቶች እንደማይገቡ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሰው እንዳይከፋቸው።

በዓሉ ላይ ደም መለገስ አለ ሲባል ሰማሁ። ልለግስ?

ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ፣ ክብደታችሁ ቢያንስ 45 ኪሎ ከሆነ፣ ከለገሳችሁ ሦስት ወር ካለፈ ለግሱ። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ደም የምትጠብቅ ወላድ አለች። ግን ቁርስ ሳትበሉ አትለግሱ። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ልትቆሙ ጠዋት አትለግሱ። ፈረቃችሁ ሲያልቅ ወይም ተረኛ ባልሆናችሁበት ቀን ይሁን።

ለእኛ ምሳ ይኖራል?

አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል፤ ሰዓቱ ግን ይዘገያል። እንግዳ ሳይበላ እኛ አንበላም። ዳቦ ወይም ቆሎ ኪስ ውስጥ ያዙ። ውሃም። የካፌ ተጠቃሚ ከሆናችሁ የምግብ ካርዳችሁን ዶርም ረስታችሁ አትውጡ፤ እራት ላይ ያስፈልጋችኋል።

ሰው ቢታመም፣ ልጅ ቢጠፋስ?

ጠዋት ፈረቃ ከመጀመራችሁ በፊት የአስተባባሪያችሁንና የክሊኒኩን ስልክ ያዙ። ሰው ከወደቀ አንዳችሁ አጠገቡ ሁኑ፣ አንዳችሁ ሩጡ። ሁለታችሁም አትሩጡ። ከቦ የቆመውን ሰው አየር እንዲሰጥ አድርጉ። ልጅ ከጠፋ ስሙን በማይክ ከማስጠራት በፊት በሮቹ ላይ ላሉት ንገሩ። የጠፋ ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ ይዛችሁ አትዙሩ፤ ካገኛችሁበት ቦታ ብዙም ሳትርቁ ጠብቁ። እናቱ መጀመሪያ የምትመለሰው እዚያው ነው።

በዓሉ ሲያልቅስ?

ያኔ ነው ሰው የሚያስፈልገው፤ ያኔ ነው ግን ሰው የሚጠፋው። ሙዚቃው ሲቆም ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይመለሳል፣ የውሃ ፕላስቲክ ይለቀማል። በሦስተኛው ቀን ማታ ዘጠኝ ልጆች ነበርን የቀረነው። ወንበር ስናነባብር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቆየን።

የተረሳ ዕቃ ብዙ ነው። መነጽር፣ ስካርፍ፣ አንድ ጋቢ። ስልክ ካገኛችሁ አትክፈቱት፤ ለጥበቃ አስመዝግባችሁ ስጡ። ሲደወል ይነሳል። ጋቢውን አጥፈን በር ላይ ትተነው ነበር። ባለቤቱ ከአራት ቀን በኋላ ከወረኢሉ መጥተው ወሰዱት።

እንደገና ትሠራለህ?

ስሜን አስይዣለሁ። የት መመደብ እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ያቺን ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን መታጠፊያ ስጡኝ አልኳቸው።